ያገለገለ የድንጋይ ወፍጮ ወይስ አዲስ ሀመር ሚል? ከመግዛት እስከ መጀመሪያው ዱቄት

ወፍጮ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው ሲያገኘኝ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ዋጋ ነው። እኔ ግን መልሼ እጠይቀዋለሁ። ሰፈራችሁ ምን ያስፈጫል? ጤፍ ነው? ገብስና ስንዴ? በቆሎ? ወይስ የከብት መኖ? ይህ ሳይታወቅ ማሽን ማየት ከተጀመረ ሻጩ ያለውን ይሸጥላችኋል እንጂ የሚያስፈልጋችሁን አይሰጣችሁም።

እኔና ወንድሜ አንድ ያገለገለ ትልቅ የድንጋይ ወፍጮ አዳማ ላይ ገዝተን፣ ደብረ ብርሃን አምጥተን፣ ጠግነን ተክለናል። ደግመን ብንሠራው ያንኑ የምናደርገው ነገር አለ። ፈጽሞ የማንደግመውም አለ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

እህሉ ነው የሚመርጠው

የድንጋይ ወፍጮ ሁለት ክብ ድንጋይ አለው። አንዱ ይቆማል፣ አንዱ ይዞራል። እህሉ በመሀል ገብቶ እየታሸ በዳር ይወጣል። ሀመር ሚል ድንጋይ የለውም። ዘንጉ ላይ የተንጠለጠሉ የብረት መዶሻዎች በደቂቃ ከ2,500 እስከ 3,500 ጊዜ እየዞሩ እህሉን ይቀጠቅጡታል። የደቀቀው በወንፊት ሾልኮ ይወጣል።

ነገሩ ያለው ወንፊቱ ላይ ነው። የጤፍ ፍሬ ርዝመቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ወርዱ ከዚያም ያንሳል። የወንፊቱ ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ጤፉ መዶሻ ሳያገኘው ማለፍ ይችላል። ዱቄቱ ውስጥ ሙሉ ፍሬ ይገኛል። ቀዳዳውን ማጥበብ ይቻላል። ግን ወንፊቱ ሲጠብ ሥራው ይዘገያል፣ ዱቄቱ ይሞቃል፣ ወንፊቱም ቶሎ ይቀደዳል። ድንጋይ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ፍሬው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን በሁለቱ ድንጋይ መሀል ያለውን ክፍተት ማለፍ አለበት። ክፍተቱን ደግሞ በእጅ በሚዞር ማጥበቂያ እንደ እህሉ ታስተካክላላችሁ።

ስለዚህ ፍርዴ ግልጽ ነው። ደንበኛችሁ በብዛት ጤፍ የሚያመጣ ከሆነ ድንጋይ ግዙ። እናቶች ዱቄቱን በጣታቸው መሀል አሸት አድርገው ያውቁታል። ካልተመቻቸው አይጨቃጨቁም። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ወፍጮ ቤት ታገኟቸዋላችሁ።

በቆሎ፣ ማሽላ ወይም መኖ ከበዛ ግን ሀመር ሚል ይሻላል። ቀላል ነው። ዋጋው ይቀንሳል። አገር ውስጥ ያሉ የብረታ ብረት ወርክሾፖችም ይሠሩታል። መዶሻው በአንድ ጫፍ ሲያልቅ ገልብጣችሁ በሌላው ትሠሩበታላችሁ። የመለዋወጫ ችግር የለበትም ማለት ይቻላል። በሌላ በኩል ጩኸቱና ብናኙ ከባድ ነው። መዶሻ ሲያልቅ ያለቀው ብረት የሚሄደው ዱቄቱ ውስጥ መሆኑንም አትርሱ። እህል መጨመሪያው ላይ ጠንካራ ማግኔት አስገጥሙ። ከውስጥ የሚፋቀውን ብረት ማግኔቱ አያስቀረውም። እሱን የሚያስቀረው መዶሻውን በጊዜው መቀየር ነው። ከእህሉ ጋር የሚመጣውን ሚስማርና ሽቦ ግን ይይዛል። ድንጋይ ወፍጮም ይህን ማግኔት ይፈልጋል። አንድ ሚስማር የተወቀረ ድንጋይን ያበላሻል።

በርበሬና ሽሮ የሚፈጭበት ማሽን ከጤፉ መለየት አለበት። ለዚህ ትንሽ ሁለተኛ ወፍጮ በቂ ነው።

አዲስ ድንጋይ ወፍጮ ወይስ ያገለገለ?

አዲስ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለእርግጠኝነት ነው። ዘንጉ ቀጥ ያለ ነው፣ ኩሽኔታው (ዘንጉን ደግፎ የሚያዞረው ቤሪንግ) አዲስ ነው፣ ድንጋዩ ሙሉ ውፍረቱን ይዟል። ገንዘቡ ካለና ጊዜ ከሌላችሁ እሱን ግዙ። አልከራከርም።

ያገለገለውን እንድንመርጥ ያደረገን አካሉ ነው። የድሮዎቹ ወፍራም የፈሰሰ ብረት ናቸው። ክብደቱ ራሱ ንዝረቱን ይውጠዋል። አንዳንዶቹ አዳዲሶች ላሜራ ተበይዶ የተሠሩ ስለሆኑ ሲሠሩ ይንቀጠቀጣሉ። ብየዳቸውም በንዝረት ብዛት ይሰነጠቃል። ብረቱ ደህና የሆነ አሮጌ ወፍጮ እንደገና ሊታደስ ይችላል። ግን ይህ የሚሆነው አስተውላችሁ ከገዛችሁ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ድንጋዩን እዩ። በእንጨት መዶሻ ቀስ ብላችሁ ዙሪያውን አንኳኩ። ጤነኛ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀ ድንጋይ የፈዘዘ ድምፅ አለው። የተሰነጠቀውን በነጻም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ። ዲያሜትሩ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር ዳሩ በሴኮንድ ወደ 19 ሜትር ይሄዳል። በዚያ ፍጥነት የተፈረከሰ ድንጋይ ሰው ይገድላል። ዙሪያውን የታሰረው የብረት ቀለበት ልል መሆን አለመሆኑንም ፈትሹ።

ቀጥሎ ማሽኑ የት እንደቆመ ጠይቁ። ብዙዎቹ የወፍጮ ድንጋዮች ከተራራ የተፈለጡ አይደሉም። ጠንካራ ጠጠር በማግኒዚየም ሲሚንቶ ተጣብቆ የተሠሩ ናቸው። ይህ ሲሚንቶ ውሃ አይወድም። ክረምቱን ሜዳ ላይ ዝናብ ሲመታው የከረመ ድንጋይ ከላይ ደህና ይመስላል። በጥፍር ወይም በብረት ጫፍ ስትጭሩት ግን ይፈረፈራል።

ሦስተኛው ዘንጉ ነው። እኛ የተሸወድነው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ማሽኑን ባዶውን አስነስቶ አሳየን። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ደስ አለን፣ ከፈልን። ቤት አምጥተን ስንፈታው ዘንጉ ኩሽኔታው በሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተበልቷል። ክፍተቱ በስስ ቆርቆሮ ተሞልቷል። ባዶውን ሲዞር ይህ አይሰማም። እህል ሲገባ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ልታዩ ስትሄዱ ግማሽ ኩንታል እህል ይዛችሁ ሂዱ። እዚያው አስፈጩ። ከ20 ደቂቃ በኋላ የኩሽኔታውን ቤት በእጅ ዳስሱ። እጅ የማያስቀምጥ ሙቀት ካለ የሆነ ነገር አለ። ማሽኑ ሲቆም ደግሞ ትልቁን ፑሌጅያ፣ ማለትም ቺንጋው (ማዞሪያ ቀበቶው) የሚጠመጠምበትን ክብ ብረት፣ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። መንቀሳቀስ የለበትም።

ሻጩ በእህል አላስሞክርም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ናፍጣ ወይስ መብራት?

የአዳማው ወፍጮ ከነሞተሩ ነበር የሚሸጠው። ሞተሩ ቀስ ብሎ የሚዞር የሊስተር ዓይነት ናፍጣ ነው። ሊስተር የእንግሊዝ ሥሪት ነው። ይህ ዓይነቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1920ዎቹ መጨረሻ እስከ 1987 ድረስ ተመርቷል። ሕንድ ውስጥም በብዛት ተቀድቷል። በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ ስለሚዞር ለድንጋይ ወፍጮ የተፈጠረ ይመስላል። ፍጥነቱን ብዙ መቀነስ አያስፈልግም። ባለ አንድ ሲሊንደሩ 6፣ ባለ ሁለቱ 12 የፈረስ ጉልበት አለው። እንክብካቤ ካገኘ ዕድሜው ረጅም ነው።

ግን አዳማ ዝቅ ያለ ሞቃት ቦታ ነው፣ ደብረ ብርሃን ደጋ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። ተርቦ (አየር በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ናፍጣ ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ወደ 2,800 ሜትር ነው። 12 ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚያ ወደ 9 ይወርዳል። አዳማ ላይ አይታችሁ የወደዳችሁት ሞተር ደጋ ላይ ሲወጣ ሌላ ሞተር ነው። ስለዚህ ወፍጮውን ብቻ ወሰድን፣ ሞተሩን ተውነው።

መብራት በደረሰበት ቦታ ምርጫዬ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ጥገናው ያንሳል፣ ጭሱ ዱቄት አይነካም። ሆኖም ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ስሪ ፌዝ የሚባለውን ባለ ሦስት ፌዝ የኃይል መስመር ማግኘታችሁን አረጋግጡ። ይህን ገልብጦ የጀመረ ሰው ወፍጮውን ገዝቶ መስመር ሲጠብቅ ይከርማል። እኛ የተጠቀምነው 18.5 ኪሎ ዋት ነው። በፈረስ ጉልበት 25 ማለት ነው። በ380 ቮልት ሲሠራ ወደ 36 አምፔር ይስባል። በቀጥታ ሲነሳ ግን ለአፍታ ከ200 አምፔር ሊያልፍ ይችላል። የሰፈሩ መብራት ይደበዝዛል፣ ፊውዝ ይቃጠላል። ለዚህ ስታር ዴልታ የሚባለውን ማስነሻ አስገጥሙ። የመነሻውን ኃይል ወደ ሲሶ ያወርደዋል። ማታ፣ ሰው ሁሉ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ቮልቱን አስለኩ። በጣም የሚወርድ ከሆነ ሞተሩ ይሞቃል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል።

የኤሌክትሪክ ሞተርም ከፍታን ጨርሶ አይንቅም። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጉልበት በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ ስሱ አየር በደንብ አያቀዘቅዘውም። ለደጋ ትንሽ ተለቅ ያለ ሞተር መውሰድ ጥሩ ነው። መስመር በሌለበት ገጠር ግን ናፍጣ ግዴታ ነው። ያኔ ከፍታውን አስልታችሁ ተለቅ ያለውን ግዙ።

ከነነፍሱ መጫን ወይስ ፈታቶ መጫን?

ሹፌሩና ጫኝ አውራጆቹ ከነነፍሱ እንጫነው ይሏችኋል። ይፈጥናል። ወንድሜም እንደዚያ ነበር ያሰበው። እኔ ፈታተን እንጫነው አልኩ። ዛሬም ያ ውሳኔ ትክክል ነበር እላለሁ።

ምክንያቱ ይኸው ነው። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ድንጋይ 130 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለቱ 260 ይሆናሉ። የሚዞረው ድንጋይ ዘንጉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ አስፋልትም ኮረኮንችም ላይ ሲናጥ የሚመታው ኩሽኔታውንና ዘንጉን ነው። ድንጋዮቹም እርስ በርስ ይጋጫሉ። ከአዳማ በአዲስ አበባ በኩል ደብረ ብርሃን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥቂት ሰዓት ለመቆጠብ ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ ድንጋይ ማናወጥ አይገባም።

ስትፈቱ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ። በየአቅጣጫው አንሱ። ስልክ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው። የሚገጣጠሙትን ክፍሎች በቀለም ምልክት አድርጉባቸው። ብሎንና ዳዶውን በየፌስታሉ ለይታችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። የዛገ ብሎን ካለ ናፍጣ አፍስሱበትና ይደር። በጉልበት የተሰበረ ብሎን ፈሰስ ብረት ውስጥ ሲቀር ማውጣቱ አሳር ነው።

ድንጋዩን ለማንሳት ፓራንኮ (በሰንሰለት የሚስብ ማንሻ) ተከራዩ። ሰንሰለቱ ግን ድንጋዩን እንዳይነካ። ዳሩን ይሸርፈዋል። ወፍራም የጨርቅ ማንጠልጠያ ተጠቀሙ። መኪናው ላይ አሮጌ ጎማ አንጥፉና ድንጋዩን ጋደም አድርጉት። ሁለተኛውን በላዩ ከጫናችሁ በመሀል ጎማ ይግባ። በሸራ ሸፍኑት፣ ምክንያቱ ከላይ የነገርኳችሁ ውሃ ነው። ዋናው አካል በሁለት ወፍራም ጣውላ ላይ ይቁም፣ በአራት አቅጣጫ ይታሰር። 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ከተጓዛችሁ በኋላ ቁሙና ማሰሪያውን አጥብቁ። ሁልጊዜ ይላላል።

ሰው የሚረሳው ማውረዱን ነው። መጫኛው ላይ ሰው ሞልቷል። መድረሻው ላይ መሽቶ፣ ሰው ጠፍቶ፣ ሹፌሩ ቸኩሎ ታገኙታላችሁ። የአይሱዙ ወለል ከመሬት 1 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ክሬን ከሌለ መኪናውን ወደ ከፍተኛ መሬት አስጠጉ። ሁለት ጠንካራ የባሕር ዛፍ ግንድ ደግፋችሁ ከላይ በገመድ እየያዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንሸራቱ። ማንም ሰው ከታች በኩል አይቁም። መሬት ላይ ደግሞ ከሥሩ የብረት ቱቦ አስገብታችሁ በዲጂኖ እየገፋችሁ ታንከባልሉታላችሁ። የጫኝና አውራጅ ዋጋ በሁለቱም ቦታ ቀድሞ ይለቅ።

አንድ ነገር ደግሞ በሩን ለኩ። እኛ አልለካንም። ወፍጮው ውጭ ሁለት ሌሊት አደረ። ከዚያ የበሩን መቃን ነቅለን አስገባነው።

ማደስ፦ የቱ ይጠገን፣ የቱ ይቀየር?

ከማደስ በፊት መጽዳት አለ። አሮጌ ዱቄትና ግራሶ ተጋግሮ ነቀዝ ይራባበታል። ብረቱን በናፍጣ እጠቡት፣ ከዚያ አድርቁት። ድንጋዩን ግን በደረቅ የሽቦ ብሩሽ ብቻ ጥረጉት።

የተበላ ዘንግ ሦስት መንገድ አለው። በብየዳ ሞልቶ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ማስተካከል ርካሹ ነው። ግን የብየዳው ሙቀት ዘንጉን ሊያጣምም፣ ብየዳው ጥግ ላይም ስንጥቅ ሊጀምር ይችላል። ሁለተኛው ዘንጉን አሳንሶ ቀለበት ማልበስ ነው። ሦስተኛው አዲስ ማስቀረጽ። ቶርኖ ቤቶች ከአሮጌ የጭነት መኪና አክስል ይሠሩታል። አክስል ጠንካራ ብረት ስለሆነ ለዚህ ጥሩ ነው። እኛ አዲስ አስቀረጽን። አንድ ቦታ ብቻ ቢበላ ኖሮ ቀለበት አለብሰው ነበር። ድንጋይ የሚሸከም ዘንግ ላይ ብየዳ አልመክርም።

ኩሽኔታ ያለ ጥያቄ ቀይሩ። ቀለበቱ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። አስመስለው የተሠሩ ስላሉ ዋጋው ከሌላው ቦታ በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። ግራሶ ሲገባ ቤቱን አትሙሉት። ከሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃል። የበዛ ግራሶ ራሱ ያሞቃል። ይህን ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚያውቀው።

አሁን ወደ ድንጋዩ። የእናቶቻችን ወፍጮና መጅ ሲለሰልስ ይወቀር ነበር። የሞተሩ ድንጋይም ያው ነው። ፊቱ ላይ ቦይ አለ፣ በቦዮቹ መሀል ሜዳ አለ። ቦዩ እህሉን ከመሀል ወደ ዳር ይወስዳል፣ አየርም ያስገባል። ሜዳው ይፈጫል። ሜዳው ሲለሰልስና ቦዩ ሲሞላ ዱቄቱ ይሞቃል፣ ሥራው ይዘገያል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ያኔ መወቀር አለበት።

ከመውቀር በፊት ፊቱ ለጥ ያለ መሆኑን ፈትሹ። ቀጥ ያለ ጠርብ ላይ ከሰል ቀብታችሁ ድንጋዩ ላይ አሽከርክሩት። ጥቁር የነካው ቦታ ከፍ ያለ ነው። እሱን ቀድማችሁ አውርዱ። ቦዩ መሀሉ ላይ ጥልቅ፣ ወደ ዳር እየሳሳ የሚሄድ ይሁን። ሁለቱን ድንጋይ በአንድ አቅጣጫ ውቀሩ። ፊት ለፊት ሲገጥሙ ቦዮቹ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ስትወቅሩ መነጽርና ጥሩ ጭምብል ይኑራችሁ። የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ያበላሻል፣ ያበላሸውም አይመለስም። ነጠላ አፍ ላይ መጠምጠም በቂ አይደለም።

ድንጋዩ ከመጀመሪያው ውፍረቱ ግማሹን ካጣ ግን መውቀሩን ተዉትና አዲስ ግዙ። አንዱን ብቻ አትቀይሩ፣ ጥንዱን ቀይሩ።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሞተር ካላችሁ ባለሙያ በሜገር (የሽቦውን ሽፋን ጤንነት በሚለካ መሣሪያ) ይለካው። ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ ወይ ይድረቅ ወይ ሽቦው እንደ አዲስ ይጠቅለል። ጥቅለላ ከአዲስ ይረክሳል፣ ጥሩ እጅ ከሠራውም ያገለግላል። ሁለት ሦስት ጊዜ የተቃጠለ ሞተር ላይ ግን ገንዘብ አታፍስሱ።

ቀለም ውጭውን ብቻ ቀቡ። ዱቄት በሚነካው ቦታ ሁሉ ባዶ ብረት ይሁን።

መትከልና ማስነሳት

የኮንክሪቱ መሠረት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ፑሌጅያውን ራሳችሁ አስሉት። ሞተሩ በደቂቃ 1,450 ጊዜ ዞሮ፣ የሞተሩ ፑሌጅያ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ወፍጮው 600 እንዲዞር የወፍጮው ፑሌጅያ 48 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ትንሽ ፑሌጅያ አድርገን እናፍጥነው የሚል ሰው ካለ አትስሙት። ድንጋዩ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ መዞር የለበትም።

ቺንጋውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የሽቦ ወይም የላሜራ መከለያ አሠሩ። ወፍጮ ቤት የሚመጡት አብዛኞቹ ነጠላ የለበሱ ሴቶች ናቸው። ነጠላ ቺንጋ ውስጥ ሲገባ ሰውየውን ይዞት ይገባል። መከለያ ሳይኖር አንድ ቀን እንኳ አትሥሩ። ማጥፊያው ቁልፍም ፈጪው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ የሚደርስበት ቦታ ላይ ይሁን።

ድንጋዮቹን ባዶ አታፋጩ። ክፍተቱን አስፍታችሁ አስነሱ፣ እህል ሲገባ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። ከውቅራት በኋላ መጀመሪያ ፉርሽካ ወይም ርካሽ እህል አስገቡ። ያ ዱቄት የድንጋይ ፍርፋሪ አለበት። ለሰውም ለከብትም አትስጡት፣ ድፉት። ከዚያ ጤፍ አስገቡና እጃችሁን መውጫው ላይ አድርጉ። ዱቄቱ ለብ ማለት አለበት። ከጋለ ጠብቋል።

እኛ ጋ የመጀመሪያውን ጤፍ ያስፈጨችው እናታችን ናት። ዱቄቱን ዘገነች። በጣቶቿ መሀል አሸችው። ቀና ብላ፣ "ትንሽ አጥብቁት" አለች። ሩብ ዙር አጠበቅነው።